የውጭ ጋዜጣ የአስተያየት ገጽ ስለ አገራችን ሲጽፍ፦ አንብቦ፣ መርምሮ ምላሽ የመስጠት የአሠራር መመሪያ

በደብረ ብርሃን እንግሊዝኛ ከማስተምራቸው ተማሪዎች፣ ከወረዳና ከዞን የኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች፣ አልፎ አልፎም ልጃቸው ከባሕር ማዶ ሊንክ ከላከላቸው ወላጆች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «የውጭ ጋዜጣ ስለ አገራችን እንዲህ ብሎ ጽፏል፣ ምን ማድረግ ይቻላል?» የሚል። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በስልክ ከማስረዳት ይልቅ አሠራሩን በቅደም ተከተል በጽሑፍ ማስቀመጡን መርጫለሁ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። የአስተያየት ጽሑፍ የአገርን ገጽታ በውጭው ዓለም ዘንድ የሚቀርጸው ጸሐፊው ፊት ለፊት በሚያውጀው አቋም ሳይሆን፣ ማንም የማይከራከርበት እውነት ይመስል በዐረፍተ ነገሩ ጓዳ በኩል በሚያስገባው መረጃ ነው። አቋሙን አንባቢው ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል፤ መረጃውን ግን ሳያስተውል ይዞት ይሄዳል፣ ነገ ሌላ ጽሑፍ ሲያነብም አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ሆኖ ይቆየዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ የሚያመሩት ወደ አንድ ግብ ነው፤ አቋሙ የቆመበትን መረጃ ፈልጎ ማግኘትና፣ ስሕተት ከሆነ ማሳረም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በወረቀት የታተመ ሙሉ ጽሑፍ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሲያሳትሙ በመስመሮቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት እንዲተውልዎ ይጠይቁ፤ በስልክ ስክሪን ላይ የሚደረግ ምርመራ ዓይንን አድክሞ ዝርዝሩን ያስዘልላል።
- ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ እንዲሁም አንድ ደብተር።
- የእኛንም የፈረንጆቹንም አቆጣጠር የያዘ ካላንደር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ይበቃል።
- በትክክለኛ ስምዎ የተከፈተ የኢሜይል አድራሻ፣ ሌሊትም የሚነሣ ስልክ።
- እንግሊዝኛ አጥርቶ የሚያነብና በጉዳዩ ላይ ከእርስዎ የተለየ አቋም ያለው አንድ ሰው። ከእርስዎ ጋር በሁሉም ነገር የሚስማማ ጓደኛ እርስዎ ያላዩትን ክፍተት እሱም አያየውም።

እርምጃ 1፦ ጽሑፉን ከምንጩ ያግኙ

ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በቴሌግራም በተላከ ስክሪንሾት ወይም አንድ ሰው በዩቲዩብ በአማርኛ ባጠቃለለው ንግግር ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን መንገድ ላይ ጥሎ ይመጣል፤ የወጣበትን ቀን፣ አስተያየት መሆኑን የሚያመለክተውን ምልክትና የጸሐፊውን ማንነት የሚገልጸውን አጭር መስመር። ሦስቱም ለቀጣዮቹ እርምጃዎች የግድ ያስፈልጋሉ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ጽሑፍ እንደ ዛሬ ዜና ተመልሶ ሲዞር ማየትም የተለመደ ነው።

የጽሑፉን ርዕስ በእንግሊዝኛ ፈልገው የጋዜጣውን ድረ ገጽ ራሱን ይክፈቱ፣ ከዚያም የገጹን አድራሻ ያንብቡ። በኒው ዮርክ ታይምስና በጋርዲያን ጽሑፉ የወጣበት ዓመት፣ ወርና ቀን በአድራሻው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ከዚህም በላይ በኒው ዮርክ ታይምስ «ኦፒኒየን»፣ በጋርዲያን ደግሞ «ኮመንትኢዝፍሪ» የሚል ቃል በአድራሻው ውስጥ ካለ ጽሑፉ ዜና ሳይሆን አስተያየት ነው። ይህ ትንሽ ማጣሪያ ብቻውን ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹን ይዘጋል።

ገጹን ያገኙ ዕለት በፒዲኤፍ ያስቀምጡት። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ጋዜጦች ከታተመ በኋላም ርዕስ ይለውጣሉ፣ ኢንተርኔትም በፈለጉት ሰዓት ላይገኝ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሙሉ ጽሑፉን ተርጉሞ ማሰራጨት የባለቤትነት መብትን ይነካል፤ ማጠቃለልና አጭር ክፍል መጥቀስ ግን ይቻላል። ያልተባለ ነገር ጨምሮ ተርጉሞ ማሰራጨት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በእርስዎም ላይ እንደሚሠራ አይርሱ።

እርምጃ 2፦ የጽሑፉን ዓይነት ይለዩ

በአስተያየት ገጽ ላይ የሚወጣ ሁሉ የጋዜጣው ቃል አይደለም። ርዕሰ አንቀጽ የጋዜጣው የራሱ አቋም ሲሆን ብዙ ጊዜ የግለሰብ ስም አይኖረውም። ዓምደኛ የሚባለው በጋዜጣው ተቀጥሮ በቋሚነት በራሱ ስም የሚጽፍ ነው። ተጋባዥ ጸሐፊ ከውጭ የመጣ ምሁር፣ ፖለቲከኛ፣ የቀድሞ ዲፕሎማት ወይም የድርጅት ኃላፊ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ሌላ የአንባቢ ደብዳቤ አለ፤ እንዲሁም በማስታወቂያ ክፍያ የወጣና «የተከፈለበት» የሚል ምልክት በትንሽ ፊደል የተጻፈበት ገጽ አለ።

ኒው ዮርክ ታይምስ ለውጭ ጸሐፊዎች የሚሆን ገጽ የከፈተው እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 1970 ሲሆን፣ ከ2021 ጀምሮ እንዲህ ባሉ ጽሑፎች ላይ የእንግዳ ጽሑፍ መሆናቸውን የሚገልጽ ምልክት ያደርግባቸዋል። ዘ ኢኮኖሚስት ደግሞ ጽሑፎቹን በአብዛኛው ያለ ጸሐፊ ስም ስለሚያወጣ፣ እዚያ ላይ ስም አለመኖሩ ብቻውን ርዕሰ አንቀጽ መሆኑን አያሳይም፤ ጽሑፉ በየትኛው ክፍል እንደወጣ ማየት ያስፈልጋል።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ኒው ዮርክ ታይምስ እንዲህ አለ» ብለው ከተነሡና ተናጋሪው ተጋባዥ ከሆነ፣ አዘጋጁ ደብዳቤዎን በመጀመሪያው መስመር ላይ ይዘጋዋል። ሁለተኛ፣ የክብደቱ ልክ ይለያያል፤ አንድ ርዕሰ አንቀጽ የተቋሙን ስም ይዞ ለዓመታት ሲጠቀስ፣ የተጋባዥ ጽሑፍ ግን ክብደቱ በጸሐፊው ማንነት የሚወሰን ነው።

እርምጃ 3፦ ጸሐፊው ማን እንደሆነና ለማን እንደሚሠራ ይመርምሩ

ከጽሑፉ ግርጌ ወይም ከአናቱ ስለ ጸሐፊው የምትገኘውን አንድ መስመር ደብተርዎ ላይ ይገልብጡ፤ ከዚያም መስመሯ ያልተናገረችውን ይፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ለውጭ መንግሥታት የሚሠሩ ወኪሎችን የሚያስመዘግብ ሕግ አለ። መዝገቡ በአገሪቱ ፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ለማንም ክፍት ሲሆን በአገር ስም መፈለግ ይቻላል፤ «ኢትዮጵያ» ብለው ቢፈልጉ፣ «ግብፅ» ብለው ቢፈልጉም መንግሥታቱ በተለያዩ ጊዜያት የቀጠሯቸውን የዋሽንግተን ድርጅቶች ያገኛሉ።

የአስተያየት ገጽ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ በስተጀርባው ሌላ እጅ ሊኖር እንደሚችል ለመረዳት፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላዲሚር ፑቲን ስለ ሶርያ በኒው ዮርክ ታይምስ የጻፉትን ይመልከቱ፤ ጽሑፉን ለጋዜጣው ያቀረበው ኬቸም የተባለው የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ነበር። በዚህ ሕገ ወጥ ነገር የለም። አንባቢው ግን ይህን ማወቁ የሚያነበውን ነገር የሚመዝንበትን ሚዛን ይለውጠዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በመዝገብ ላይ ያላገኙትን አይናገሩ። የጸሐፊው ትውልድ፣ የመኖሪያ አገሩ ወይም የቀድሞ ጽሑፉ «ተከፍሎታል» ለማለት ማስረጃ አይሆኑም፤ እንዲህ ያለ ክስ የያዘ ደብዳቤ አይታተምም፣ ስም ማጥፋትም ሊሆን ይችላል።

እርምጃ 4፦ ርዕሱንና ፎቶግራፉን ከጽሑፉ ነጥለው ያንብቡ

ርዕስ የሚያወጣውና ፎቶ የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ የጋዜጣው አዘጋጅ እንጂ ጸሐፊው አይደለም። በመሆኑም ርዕሱ ጽሑፉ ያላለውን ሲል ካገኙት ስሕተቱን በጸሐፊው ላይ አይጫኑ፤ ቅሬታው የሚቀርበው ለጋዜጣው ነው። ፎቶው ከሆነ የግርጌ መግለጫውን ያንብቡና የተነሣበትን ቦታና ዓመት ይመዝግቡ፤ ስለዘንድሮ ጉዳይ የሚናገር ጽሑፍ የቆየ የድርቅ ፎቶ ይዞ ከወጣ ቦታውንና ዓመቱን ጠቅሶ እርማት መጠየቅ ይቻላል።

እርምጃ 5፦ አስተያየቱንና መረጃውን በሁለት ቀለም ይለዩ

የሥራው ልብ ይህ ስለሆነ አይቸኩሉ። ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያነበቡ፣ ጸሐፊው የሚያምነውን፣ የሚፈራውን ወይም የሚመክረውን በሰማያዊ፣ እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችለውን ሁሉ በቀይ ያስምሩ። ለቅጽል፣ ለ«የ» እና ለ«በመሆኑ» ሐረጎች ልዩ ትኩረት ይስጡ፤ መረጃ የሚደበቀው ከዋናው ግሥ ላይ ሳይሆን በእነዚህ ውስጥ ነው።

ለልምምድ እንዲሆን ያቀናበርኩትን የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፦

«የግብፅን ውኃ በየዓመቱ የሚቀንሰውን ግድብ የገነባችውና የተፋሰሱ አገራት እ.ኤ.አ. በ1959 የፈረሙትን ስምምነት የጣሰችው ኢትዮጵያ ከድርድር መሸሿ ሊያስደንቅ አይገባም።»

ዋናው ግሥ «ሊያስደንቅ አይገባም» የሚለው ስለሆነ አብዛኛው አንባቢ የሚናደደውም የሚመልሰውም ለእሱ ነው። እሱ ግን አስተያየት ነው፤ ሰማያዊ ያስምሩበትና ይለፉት። ቀዩ ከዚያ በፊት ያለው ነው፣ አራት የተለያዩ የመረጃ ቃሎችም አሉበት።

«በየዓመቱ የሚቀንሰው» የሚለው በከፊል የሚያከራክር ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ የኃይል ማመንጫ ሲሆን፣ ተርባይን ያሽከረከረ ውኃ ተመልሶ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ነገር ግን በሙሌት ወቅት ውኃ ይያዛል፣ ከሐይቁ ላይም ትነት አለ። እዚህ ላይ «ፈጽሞ አይቀንስም» ብለው ከመለሱ ቀጣዩ ደብዳቤ ጸሐፊ እርስዎን ያርምዎታል።

«የተፋሰሱ አገራት የፈረሙት» የሚለው ግን ሐሰት ነው፣ ያለ ክርክርም ይረጋገጣል። የ1959ኙን ስምምነት የፈረሙት ግብፅና ሱዳን ብቻ ናቸው፤ ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በዓመት ይደለድላል።

«የጣሰችው» የሚለው ከዚሁ ጋር ይወድቃል፤ ያልፈረመ አገር ውል አፈረሰ አይባልምና።

«ከድርድር መሸሿ» የሚለው ደግሞ እግር ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 መጨረሻ በዋሽንግተን በተጠራው ስብሰባ ኢትዮጵያ አልተገኘችም፤ በዚያው ዓመት በአፍሪካ ኅብረት አማካይነት በተካሄደው ድርድር ግን ተሳትፋለች። ምሉዕ ሥዕሉ ከዐረፍተ ነገሩ የተለየ ቢሆንም፣ ተቃራኒዎ የሚይዘው ነገር ስላለ በአጭር ደብዳቤ ውስጥ አይንኩት።

እንግዲህ ከአራቱ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። ለምን ቢባል፣ ሰነዱ አንድ ነው፣ ፈራሚዎቹ ሁለት ናቸው፣ ዐረፍተ ነገሩም ያለ እሱ አይቆምም። ሌላ ጽሑፍ ሲገጥምዎም መለኪያዎ ይኸው ይሁን፤ ስሕተቱ በአንድ ሰነድ የሚረጋገጥ፣ በአንድ መስመር የሚነገርና ሲወገድ የጸሐፊውን መደምደሚያ የሚያናጋ መሆን አለበት።

ተደጋጋሚ ስሕተት፦ አራቱንም በአንድ ደብዳቤ ለማንሣት መሞከር ነው። አዘጋጁ ሦስቱን ቆርጦ አንዱን ሲያስቀር የሚያስቀረው የእርስዎን ደካማ ነጥብ ሊሆን ይችላል።

እርምጃ 6፦ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቦታውን ያረጋግጡ

ጽሑፉ የጠቀሰውን ቁጥር ስሕተት ከማለትዎ በፊት የራስዎን ቁጥር ይመርምሩ። የሕዝብ ብዛት ከሆነ፣ በኢትዮጵያ የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ የሚጠቀሰው ሁሉ ግምት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ግምትና የእኛው የስታቲስቲክስ አገልግሎት ግምት ሳይገናኙ ሲቀሩ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ መነሻቸውና ስሌታቸው ይለያያል። እንዲህ ባለው ጉዳይ እርማት መጠየቅ ትርፍ የለውም።

ቀን ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ከወረዳ ወይም ከዞን ጽሕፈት ቤት የሚያገኙት ሪፖርት በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነው፣ የበጀት ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የ2015 በጀት ዓመት የሚባለው በእነሱ አቆጣጠር ከሐምሌ 2022 እስከ ሐምሌ 2023 ያለው ሲሆን፣ ይህን ሳይለውጡ «የ2015» ብለው ከላኩ አዘጋጁ የጥንት መረጃ እንደላኩለት ያስባል። ምርትም እንደዚሁ ነው፤ እኛ ኩንታል በሄክታር ስንል እነሱ ቶን በሄክታር ይላሉ፣ 10 ኩንታልም 1 ቶን ነው።

ቦታ ደግሞ ለእኛ ለሰሜን ሸዋ ሰዎች የተለየ ጣጣ አለው። በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ዞኖች አሉ፤ አንዱ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልሉ፣ ሌላው ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያው ነው። ከናይሮቢ ወይም ከለንደን ሆኖ የሚጽፍ ሰው የአንዱን ክስተት ለሌላው ሲሰጥ ጽሑፉን የሚያነበው አርታኢ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በመሆኑም «ሰሜን ሸዋ» የሚል ቃል ባዩ ቁጥር በአካባቢው የተጠቀሰ የወረዳ ወይም የከተማ ስም ይፈልጉና በካርታ ላይ ያስቀምጡት። ስሕተት ሆኖ ከተገኘ እንዲህ ያለው የቦታ ስሕተት በጋዜጣ ዘንድ በቀላሉ የሚታረም ነው፤ ክርክር የለውምና።

እርምጃ 7፦ ጽሑፉ የት እንደደረሰ ለሁለት ቀን ይከታተሉ

ማንም ያልጠቀሰውን ጽሑፍ መመለስ ክንፍ መስጠት ነው። ስለዚህ ወደ መጻፍ ከመሄድዎ በፊት በደብተርዎ አንድ ገጽ ይክፈቱና ጽሑፉን ማን እንደደገመው ይመዝግቡ፤ ሌሎች ጋዜጦች ጠቅሰውታል ወይ፣ በዊኪፔዲያ ገጽ ላይ እንደ ማስረጃ ገብቷል ወይ፣ የፓርላማ አባል አንሥቶታል ወይ። የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት የጋዜጣ ጽሑፍ በኮንግረሱ መዝገብ እንዲካተት ማድረግ ይችላሉ፣ መዝገቡም በኢንተርኔት ይፈለጋል፤ የእንግሊዝ ፓርላማ ቃለ ጉባኤም እንዲሁ። የአስተያየት ገጽ የአገርን ገጽታ የሚቀርጽበት መንገድ በተግባር ይህ ነው፤ ጽሑፉ ከጋዜጣው ወጥቶ ኤምባሲዎች ለአለቆቻቸው በሚያዘጋጁት የዕለት ማጠቃለያ፣ በምክር ቤት አባላት ረዳቶች ማስታወሻና በቀጣዩ ጸሐፊ ጥቅስ ውስጥ ይገባል።

ሲከታተሉ የሚፈልጉት የጽሑፉን ርዕስ ብቻ ሳይሆን በእርምጃ 5 በቀይ ያሰመሩበትን ሐረግ ነው። ሐረጉ ያለ ጸሐፊው ስም በሌላ ቦታ ብቅ ካለ ምላሽ መስጠት ያስፈልጋል ማለት ነው። ከሁለት ቀን በላይ ግን አይጠብቁ፤ ምክንያቱን በእርምጃ 9 ያገኙታል።

እርምጃ 8፦ መንገዱን ይምረጡ

ሦስት መንገዶች አሉ፤ የእርማት ጥያቄ፣ ለአዘጋጁ የሚላክ ደብዳቤና የተጋባዥ ጽሑፍ። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሦስተኛው ነው፣ እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። እርማት ሲደረግ ጽሑፉ ራሱ ይስተካከላል፣ ማስታወሻውም ከሥሩ ይጻፍበታል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ጽሑፉን ፈልጎ የሚያገኝ ሰው የሚያነበው የተስተካከለውን ነው። ደብዳቤ ወይም የተጋባዥ ጽሑፍ ግን በሌላ ገጽ ላይ ይወጣል፣ ስሕተቱም በዋናው ጽሑፍ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባለው ነው።

እርማት የሚጠየቀው ግን ለመረጃ ስሕተት ብቻ ነው። ጋርዲያን እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የአንባቢዎችን ቅሬታ የሚመረምር ራሱን የቻለ አርታኢ አለው፤ ኒው ዮርክ ታይምስም የእርማት ጥያቄ የሚቀበልበት አድራሻ አለው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው የፕሬስ ደረጃዎች ነጻ ድርጅት አባል በሆኑ ጋዜጦች፣ ለምሳሌ በታይምስና በዴይሊ ቴሌግራፍ ላይ የሚቀርብ ቅሬታን ይቀበላል፤ ጋርዲያንና ፋይናንሺያል ታይምስ ግን አባል አይደሉም። የድርጅቱ ደንብ የመጀመሪያ አንቀጽ ጋዜጦች አቋም መያዝ እንደሚችሉ፣ ሆኖም አስተያየትን፣ ግምትንና መረጃን ለይተው ማሳየት እንዳለባቸው ይደነግጋል። በሁለት ቀለም ያሰመሩበት ወረቀት ለዚህ ቅሬታ ዝግጁ ማስረጃ ይሆናል።

ስሕተቱ በአንድ ሰነድ የማይረጋገጥ፣ ነገር ግን ጽሑፉ አንድ አስፈላጊ ነገር አስቀርቶ ከሆነ ደብዳቤ ይጻፉ። የተጋባዥ ጽሑፍ የሚያዋጣው አዘጋጁ ከሌላ ሰው ሊያገኘው የማይችለው የሥራ ልምድ ወይም ጥናት ካለዎት ብቻ ነው፤ ስለ አገሬ ስለምቆረቆር የሚለው ምክንያት በዚያ ሚዛን ክብደት የለውም።

እርምጃ 9፦ ደብዳቤውን ይጻፉ

ኒው ዮርክ ታይምስ ደብዳቤው ከ150 እስከ 200 ቃላት ቢሆን ይመርጣል፣ የሚመለከተው ጽሑፍም ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ የወጣ እንዲሆን ይፈልጋል። ሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም፤ ከመጻፍዎ በፊት የጋዜጣውን የደብዳቤ መመሪያ ያንብቡ። የቃላቱ ልክ ጥብቅ የሆነው ቦታው ጠባብ ስለሆነ ነው፤ 600 ቃላት ያለው ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አይነበብም።

አሠራሩ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የጽሑፉን ርዕስና ቀን ጠቅሰው ስሕተቱን ይናገሩ፣ በሁለተኛው ትክክለኛውን ያስቀምጡ፣ በሦስተኛው ልዩነቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማያውቀው አንባቢ ያስረዱ፣ በመጨረሻው ማን እንደሆኑ ይግለጹ። በእርምጃ 5 ለተመለከትነው ምሳሌ ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«በዚህ ርዕስና በዚህ ቀን የወጣው ጽሑፍ የ1959ኙን የአባይ ውኃ ስምምነት የተፋሰሱ አገራት እንደፈረሙት አድርጎ ገልጿል። ስምምነቱን የፈረሙት ግብፅና ሱዳን ብቻ ሲሆኑ፣ ዓመታዊውን ውኃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ተከፋፍለውታል፤ ኢትዮጵያ ፈራሚ አልነበረችም። ከዋናው አባይ ውኃ አብዛኛው የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በመሆኑ፣ አንባቢው ድርድሩ ለምን እንደሚከብድ የሚረዳው ማን በየትኛው ውል እንደታሰረ ሲያውቅ ነው። የምኖረው በደብረ ብርሃን ነው፤ ከተማችንን የሚያቋርጠው የበሬሳ ወንዝ በጀማ በኩል ወደ አባይ ይገባል።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ለጌጥ አልገባም። አዘጋጁ በየቀኑ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች መካከል የሚመርጠው፣ ጸሐፊው ስለ ጉዳዩ ለመናገር ከሌላው የተሻለ ምን ምክንያት እንዳለው ሲያይ ነው። የግድቡን ወንዝ መጋቢ ከደጁ የሚያይ ሰው ያንን በአንድ መስመር ማሳየት ይችላል።

ተደጋጋሚ ስሕተቶች፦ ደብዳቤውን በሦስት ሺህ ዓመት ታሪክና በአድዋ መጀመር በ200 ቃላት ውስጥ 80ውን ያለ ሥራ ያስጨርሳል። የጸሐፊውን ስም በስድብ መጥራት ወዲያው ያስጥላል። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ደብዳቤ እየገለበጠ እንዲልክ ማድረግ ደግሞ ብዙ ሰው ጠቃሚ የሚመስለው ጎጂ አሠራር ነው፤ አዘጋጆች የተቀነባበረ ዘመቻ መሆኑን በቀላሉ ይለዩታል፣ ሲለዩም ሁሉንም ይጥሏቸዋል፣ ከመካከላቸው ጥሩ የነበረውን ጭምር።

ማስጠንቀቂያ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑና በራስዎ ስም የሚጽፉ ከሆነ የመሥሪያ ቤትዎን ማኅተምና ደብዳቤ ራስጌ አይጠቀሙ፤ የሚሠሩበትን ተቋም ግን አይደብቁ። ጉዳዩ ከሥራዎ ጋር የሚገናኝ ሆኖ ሳለ ሳይገልጹት ቢቀር በኋላ የሚወጣው እርማት በእርስዎ ላይ ይሆናል። በግጭት አካባቢ ስላለ ጉዳይ የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ የጎረቤትን ስም፣ የቀበሌ ቁጥር ወይም መጠለያ ውስጥ ያለን ተፈናቃይ የሚያስለይ ዝርዝር አያስገቡ።

ረቂቁን ያ የተለየ አቋም ያለው ሰው ያንብበው። እንዲያርምልዎ ሳይሆን፣ «ይህን የጻፈውን ሰው እንዴት ትመልስለት ነበር?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ያገኘበትን ዐረፍተ ነገር ይሰርዙት።

እርምጃ 10፦ ይላኩ

ጽሑፉን በኢሜይሉ አካል ውስጥ ይለጥፉት፤ ካላወቁት ሰው የመጣ አባሪ ፋይል ብዙ ጊዜ አይከፈትም። ለአንድ ጋዜጣ ብቻ ይላኩ፣ ሌላ ቦታ ያልታተመ መሆኑንም ይግለጹ፤ በፌስቡክ የለጠፉትም እንደታተመ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ሙሉ ስም፣ አድራሻና ከ251 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ያስገቡ፤ ለኅትመት ሳይሆን እርስዎ መሆንዎን ለማረጋገጥ ነው።

ስምዎን በተመለከተ አንድ መስመር ይጨምሩ። በእኛ ልማድ ሁለተኛው ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አለመሆኑን፣ በአጭሩ ሲጠሩዎት በመጀመሪያው ስም መጠቀም እንደሚገባ ይንገሯቸው፤ አለዚያ ለአባትዎ የተጻፈ የሚመስል ነገር ታትሞ ሊያዩ ይችላሉ።

ሰዓቱን ያስሉ። እኛ ከኒው ዮርክ በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት እንቀድማለን፤ ከለንደን በ2 ወይም በ3። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢልኩ በበጋቸው ኒው ዮርክ ላይ ከጠዋቱ 9፡00 ስለሆነ የዕለቱ ሥራ ሲጀመር ይደርሳል። የሚደውሉልዎ ከሥራ መውጫቸው ላይ ከሆነ ግን እኛ ዘንድ እኩለ ሌሊት ነው፤ ስልክዎን አይዝጉ። በኢሜይሉ ውስጥ ሰዓት ከጠቀሱ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይጻፉት።

እርምጃ 11፦ ከላኩ በኋላ

መልስ ካልመጣ አልተመረጠም ማለት ነው፤ በየቀኑ እየደጋገሙ መላክ አይጠቅምም። የእርማት ጥያቄ ከሆነ ግን ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ያንኑ ሰነድ አያይዘው፣ በአጭሩ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ የእንግሊዙ ድርጅት አባል የሆነ ጋዜጣ እምቢ ካለም ጽሑፉ ከወጣ በ4 ወራት ውስጥ ቅሬታዎን ወደዚያው መውሰድ ይችላሉ።

ደብዳቤዎ ከተመረጠ አሳጥረውና አስተካክለው ይልኩልዎታል። እዚህ ላይ የሚመረመሩት አራት ነገሮች ናቸው፤ ቁጥሮቹና መለኪያቸው አለመለወጣቸውን፣ የስምዎ ቅደም ተከተል ትክክል መሆኑን፣ «ብቻ» የሚለው ቃል አለመውጣቱን (ምሳሌያችን ላይ «ግብፅና ሱዳን ብቻ» ከሚለው «ብቻ» ቢወጣ ደብዳቤው ዋጋ የለውም)፣ በመጨረሻም ርዕሱን። ርዕሱን እነሱ ስለሚያወጡት ያልተናገሩትን የሚያናግርዎ ከሆነ ከመታተሙ በፊት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይቃወሙ። ሲታተም ገጹን በፒዲኤፍ ያስቀምጡና ከዋናው ጽሑፍ ኮፒ ጋር በአንድ ላይ ያስሩት፤ በቀይ ያሰመሩበት ሐረግ በሚቀጥለው ጊዜ በሌላ ጋዜጣ ሲመጣ ማስረጃውን እንደገና ከመፈለግ ይድናሉ።